አቶ ዲበኩሉ ለማስታወቂያ እንዲሞቱ የተወሰነበት ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ ሐምሌ 15 ቀን 2015 ዓ.ም.
ቦታ፦ መቱ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ «ዲበኩሉ ጃንጥላ ጥገናና ሽያጭ» ሱቅ ውስጥ፣ በመጠገኛው ጠረጴዛ ዙሪያ
የተጠራበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡00
የተጀመረበት ሰዓት፦ 4፡20። ምክንያቱ ዝናብ ነው። የጃንጥላ ሱቅ ኮሚቴ ዝናብ ፈርቶ ዘገየ መባሉ ለሱቁ ስም ስለማይበጅ፣ ነገሩ ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ ሰብሳቢዋ አሳስበዋል።

የተገኙ አባላት
1. ወ/ሪት ገሊላ ዲበኩሉ፦ ሰብሳቢ፣ የሱቁ ሥራ አስኪያጅ
2. አቶ ዲበኩሉ፦ የሱቁ መሥራችና ጠጋኝ፣ የሰብሳቢዋ አባት
3. ወ/ሮ ዘውደነሽ፦ የመሥራቹ ባለቤት፣ የሁሩሙ ተወላጅ
4. አቶ ሙሉብርሃን፦ የሰብሳቢዋ የአክስት ልጅ፣ የማስታወቂያ ኃላፊ፣ የሦስት ቀን ሥልጠና የወሰዱ
5. ኦቦ ደቅሲሳ፦ ጎረቤት፣ የእድር ዳኛ፣ የደንበኞች ተወካይ
6. አቶ ዮፍታሄ፦ የመሥራቹ ታናሽ ወንድም፣ ጸሐፊ

ያልተገኙ፦ አቶ ገብረ ሥላሴ። ሆኖም ከሁለት ዓመት በፊት ለጥገና የሰጡት ጃንጥላ እዚሁ ተሰቅሎ ስለሚገኝ በከፊል እንደተገኙ ተቆጥሯል። ስለዚህ ምልዓተ ጉባኤው ሞልቶ ጥቂት ተርፏል።

አጀንዳ 1፦ የሱቁን ሁኔታ ማዳመጥ

ሰብሳቢዋ ባቀረቡት ሪፖርት፣ ከሰኔ መግቢያ ጀምሮ ለጥገና የመጡት ጃንጥላዎች አራት ብቻ መሆናቸውን፣ ከአራቱም ሁለቱ የገዛ እናታቸው መሆናቸውን ገልጸዋል። ሰዉ አዲስ ጃንጥላ ከማዶ ሱቅ ገዝቶ፣ ሲሰበር ጥሎ፣ ሌላ እንደሚገዛ አስረድተዋል። በዚሁ ከቀጠለ ሱቁ ለመስከረም 1 እንደሚዘጋና ለሞባይል መሸጫ እንደሚከራይ፣ ተከራዩም እየመጣ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ በሜትር እንደለካ ተናግረዋል።

ኦቦ ደቅሲሳ፣ «ማል ጄታ፣ ምን ትያለሽ! በመቱ ዝናብ ጃንጥላ ሥራ ካጣ አፋር ወርደን ልንጠግን ነው?» ሲሉ ጠይቀዋል። ጥያቄው እንደ አስተያየት ተመዝግቧል።

መሥራቹ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ከጃንጥላ በቀር ሌላ ነገር ጠግነው እንደማያውቁ ካስታወሱ በኋላ፣ «ሱቁ ከተዘጋ ምን ልሠራ ነው? እቤት ቁጭ ብዬ ጠብታ ልቁጠር?» ብለዋል። በዚህ ጊዜ ሰብሳቢዋ ለጥቂት ደቂቃ ጣሪያውን ተመልክተዋል። ጸሐፊው ጣሪያው እንደማያፈስ አረጋግጠዋል።

ውሳኔ፦ ሱቁ እንዲድን በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። እንዴት የሚለው ወደ አጀንዳ 2 ተላልፏል።

አጀንዳ 2፦ ለሱቁ ታሪክ ማበጀት

አቶ ሙሉብርሃን ከሥልጠናው ይዘው የመጡትን ደብተር ገልጠው፣ «ሰው ዕቃ አይገዛም፣ የሚገዛው ታሪክ ነው» ሲሉ አስረድተዋል። ወ/ሮ ዘውደነሽ በበኩላቸው ማክሰኞ ገበያ ሽንኩርት ሲገዙ ታሪኩን ጠይቀው እንደማያውቁ፣ የሚጠይቁት መብቀል መጀመሩንና አለመጀመሩን ብቻ እንደሆነ ገልጸዋል።

አቶ ሙሉብርሃን ቀጥለው፣ ጥሩ የንግድ ታሪክ ችግር፣ ጀግናና እንባ እንደሚያስፈልገው ካብራሩ በኋላ መሥራቹ የራሳቸውን ታሪክ እንዲናገሩ ዕድል ተሰጥቷል። መሥራቹ ቆመው፣ «ጃንጥላ ይሰበራል። እጠግናለሁ።» ብለው ተቀምጠዋል። የማስታወቂያ ኃላፊው ታሪኩ እንባ እንደሚጎድለው አመልክተዋል። መሥራቹ እንደገና ተነሥተው፣ «አንዳንዴ ሽቦው ጣቴን ይወጋኛል» የሚል ጨምረዋል። በቂ ሆኖ አልተገኘም።

ከዚያ አቶ ሙሉብርሃን ራሳቸው ያዘጋጁትን ታሪክ አንብበዋል። ቃሉ የሚከተለው ነው፦ «በአንድ ክፉ ክረምት አንድ ደግ አባት ጃንጥላ ሳይዝ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሶር ወንዝ ሙላት ወሰደው። ሴት ልጁም እንባዋን ጠርጋ፣ ‹ከእንግዲህ በኢሉባቦር ማንም ሰው አይርጠብ!› ስትል ማለች። ይህን ሱቅም ከፈተች።»

ጸሐፊው ታሪኩ ጥሩ እንደሆነ፣ ነገር ግን ሟቹ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጠው ሽቦ እያቀኑ መሆናቸው አንዳንድ አንባቢን ሊያደናግር እንደሚችል ጠቁመዋል።

አጀንዳ 3፦ የመሥራቹ አሟሟት

በዚህ አጀንዳ ላይ ሰፊ ውይይት ተደርጓል።

መሥራቹ ሶር ወንዝ ድልድይ እንዳለው፣ እሳቸውም ሁልጊዜ በድልድዩ እንደሚሄዱ በመግለጽ ተቃውመዋል። ኦቦ ደቅሲሳ አንድ ሰው ጎርፍ ሲወስደው ጃንጥላ ምን እንደሚጠቅመው ጠይቀዋል። ጥያቄው ቴክኒካዊ ነው ተብሎ ታልፏል። ለአማራጭ በሳንባ ምች ቢሞቱስ የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ ወ/ሮ ዘውደነሽ «አላስታመመችውም እንድባል ነው? ወንዙ ይውሰደው!» በማለታቸው ውድቅ ሆኗል።

ኦቦ ደቅሲሳ በእድር ዳኝነታቸው አንድ ማሳሰቢያ እንዲያዝላቸው ጠይቀዋል፤ ይኸውም እድሩ ለማስታወቂያ ለሞተ ሰው ድንኳን እንደማይተክል ነው።

ድምፅ ተሰጥቷል። መሥራቹ እንዲሞቱ አራት ድጋፍ፣ አንድ ተቃውሞ፣ አንድ ድምፀ ተዓቅቦ። ተቃውሞው የመሥራቹ ነው። ድምፀ ተዓቅቦው የወ/ሮ ዘውደነሽ ነው። መሥራቹ ወደ ባለቤታቸው ዞረው፣ «አንቺ ደግሞ ምን የሚያሳስብ ነገር አገኘሽበት?» ያሉ ሲሆን፣ ወ/ሮዋ ጉዳዩን ከሁለቱም ወገን እያዩት መሆኑን መልሰዋል። ጸሐፊው ወንድማቸው ቢሆኑም ለሥራው ሲሉ ደግፈዋል።

ሰብሳቢዋ ውሳኔው ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት አንድ ሳምንት ይታሰብበት ሲሉ፣ አቶ ሙሉብርሃን ታሪኩን ከመሥራቹ ፎቶግራፍና ከአንዲት ሻማ ሥዕል ጋር ትናንት ማታ ለሙከራ ያህል ፌስቡክ ላይ መለጠፋቸውንና እስካሁን ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች «ነፍስ ይማር» ማለታቸውን በደስታ አስታውቀዋል።



መሥራቹ ስልኩን ተቀብለው ካነበቡ በኋላ፣ ሞታቸውን «ላይክ» ያደረገ ሰው በማግኘታቸው ስሙ በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር ጠይቀዋል። የሥጋ ዘመድ በመሆኑ አልሰፈረም። ሰብሳቢዋ ልጥፉ በአስቸኳይ እንዲጠፋ አዝዘዋል፤ ሆኖም በዝናቡ ምክንያት መብራትም ኔትወርክም በዚያው ሰዓት ስለጠፋ ማጥፋት አልተቻለም።

ውሳኔ፦ ኔትወርክ እስኪመለስ መሥራቹ ከመጋረጃው ጀርባ እንዲቆዩና እንዳይታዩ ተወስኗል። መሥራቹ የአቶ ገብረ ሥላሴን ጃንጥላና ፒንሳቸውን ይዘው ገብተዋል።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

5፡40 ላይ ከመናኸሪያው በኩል የለቅሶ ድምፅ ተሰምቷል። ከሁሩሙ በሚኒባስ የመጡ አሥራ አራት ሰዎች፣ ትናንት ማታ መርዶውን በስልክ አይተው፣ ደረታቸውን እየደቁ ወደ ሱቁ ገብተዋል። ኮሚቴው ለዚህ ዓይነት ሁኔታ የተዘጋጀ ደንብ አልነበረውም። ኦቦ ደቅሲሳ ከልማድ የተነሣ ተነሥተው ለለቀስተኞቹ አግዳሚ ወንበር ካስተካከሉ በኋላ ነው ማንም አለመሞቱን ያስታወሱት። ሰብሳቢዋ ነገሩን ለማስረዳት ሁለት ጊዜ አፋቸውን ከፍተው፣ ሁለቱንም ጊዜ ለቀስተኞቹ ነጠላ አከናንበዋቸዋል። ወ/ሮ ዘውደነሽ አብረው ያለቀሱ ሲሆን፣ ለምን እንደሆነ በኋላ ሲጠየቁ፣ «ያን ያህል ሰው እያለቀሰልኝ ዝም ልበል?» ብለዋል።

ከለቀስተኞቹ መካከል እትዬ ኢብሴ የተባሉ የቀድሞ ደንበኛ ያለ አጀንዳ ንግግር አድርገዋል። እንባቸው እየወረደ ያሉት እንዳለ ተይዟል፦

«ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ! እንዲህ ያለ ሰው! በ99 ግንቦት ኡርጂዬ ለአሥረኛ ክፍል ፈተና ስትሄድ ሰማዩ ተቀደደ። እዚህ በር ላይ ተጠልላ ስታለቅስ አያት። ትልቁን ጥቁር ጃንጥላ ከግድግዳው አውርዶ ‹ሂጂ› አላት። ‹ጋሼ፣ የሰው አይደለም ወይ?› ብትለው፣ ‹ባለቤቱ ሲመጣ ማስቲሹ አልደረቀም እለዋለሁ› አላት። አራት ቀን ሙሉ ተፈተነችበት! ዛሬ ኡርጂ ነርስ ናት። ለማን ልንገር?»

ኦቦ ደቅሲሳ እጃቸውን አውጥተው፣ የዚያ ጃንጥላ እጀታ የእንጨት እንደነበረ ጠይቀዋል። የእንጨት እንደነበረ ተረጋግጧል። «የእህቴ ሠርግ ጎሬ ነበር» ብለዋል ኦቦ ደቅሲሳ ቀስ ብለው። «በአዲስ ሱፍ፣ በዝናብ። ማስቲሹ አልደረቀም አለኝ። በየቀኑ እየመጣሁ አልደረቀም አለኝ!»

ቀጥሎ አቶ ዋቁማ የተባሉ የማር ነጋዴ ቆመው፣ ነፋስ የገለበጠውን ጃንጥላቸውን ሁሉም ሰው ጣለው ሲላቸው ሟቹ ሦስት ሽቦ ቀይረው እንዳዳኑላቸው፣ እስከ ዛሬም እንደያዙት ሲናገሩ፣ ከመጋረጃው ጀርባ «አምስት!» የሚል ድምፅ ተሰምቷል።

አቶ ዋቁማ «እ?» ብለዋል።

«አምስት ነው የቀየርኩት! ሦስት ሽቦማ ማንም ይቀይራል!»

በዚህ ሁኔታ ሟቹ ከሰብሳቢዋ ፈቃድ ሳያገኙ ንግግር አድርገዋል፤ ንግግራቸውንም ለማጠናከር ፒንሳቸውን እንደያዙ መጋረጃውን ገልጠው ወጥተዋል። ሦስት ለቀስተኞች አግዳሚው ሥር ገብተዋል። አንዲት ሴት በመስኮት ለመውጣት ሞክረው መስኮቱ ሳይፈቅድላቸው ቀርቷል። እትዬ ኢብሴ ግን ከቦታቸው ሳይነቃነቁ ሟቹን ጉንጫቸውን ቆንጥጠው፣ «አለህ?» ብለዋል።

«ምን ላድርግ፣ ተወስኖብኝ እኮ ነው!» ሲሉ መሥራቹ መልሰዋል።

ኦቦ ደቅሲሳ ወዲያውኑ የ1999ኙን የማስቲሽ ጉዳይ ያነሡ ሲሆን፣ መሥራቹ ማስቲሹ እውነትም እስከ ሁለተኛው ቀን ድረስ አልደረቀም ነበር በማለት ራሳቸውን በከፊል ተከላክለዋል።

እትዬ ኢብሴ ሳቃቸውን ከጨረሱ በኋላ ተቆጥተዋል። «ማታ ጎረቤቱ ሁሉ ልቅሶው እንዴት ነበር ይለኛል። ምን ልበል? ሟቹ ሻይ አፍልቶ አጠጣን ልበል?» ሰብሳቢዋ ነጠላውን ከራሳቸው አውርደው፣ ጥፋቱ የኮሚቴው ሳይሆን የራሳቸው መሆኑን፣ ሱቁ ሊዘጋ መሆኑን፣ አባታቸው ያለዚህ ጠረጴዛ መዋል እንደማይችሉ ገልጸዋል። «ሰው እንዲያስታውሰን ብዬ ነው» ብለዋል።

አቶ ዋቁማ የሚከተለውን መልሰዋል፦ «ልጄ፣ መቼ ረሳን? ግድግዳው በሜትር ሲለካ ሰው አየ፤ ‹የዲበኩሉ ሱቅ ተዘጋ› ተባለ፤ ወሬው ሁሩሙ ደረሰ። እኔ ቤት ብቻ ሁለት የተሰበረ ጃንጥላ አልጋ ሥር አለ። ክፍት ነን ያለን ማን ነው?»

ኮሚቴው በሥልጠናው ደብተር ውስጥ ይህን የሚመለከት ገጽ ቢፈልግ አላገኘም።

አቶ ሙሉብርሃን የእትዬ ኢብሴን ታሪክ ለማስታወቂያ እንዲሆን መጻፍ ሲጀምሩ፣ እትዬ ኢብሴ እስክሪብቶውን ከእጃቸው ወስደዋል። «ይኼ የኔ ነው! የማወራው እኔ ነኝ። አንተ ከጻፍከው መጨረሻው ላይ ወንዝ ታስገባበታለህ።» ተቃውሞው ተቀባይነት አግኝቷል።

ዝናቡ ስላላባራና ለቀስተኞቹ ከያዟቸው አሥራ አንድ ጃንጥላዎች ሰባቱ ሽቦአቸው የወጣ ስለነበረ፣ መሥራቹ የኮሚቴውን ወረቀቶች ከጠረጴዛው ላይ ገፋ አድርገው ሥራ ጀምረዋል። ለቀስተኞቹን ያመጣው ሚኒባስ ወሬውን ይዞ 7፡30 ላይ ወደ ሁሩሙ ተመልሷል። ከ8፡00 በኋላ «ሞቶ የተነሣውን ሰው አሳዩን» የሚሉ ሰዎች ከመናኸሪያው፣ ከገበያውና ከኖፓ ወረዳ መኪና እየወረዱ መምጣት የጀመሩ ሲሆን፣ ባዶ እጁን የመጣ ሰው ጥቂት ነው።

የመጨረሻ ውሳኔዎች

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ውይይቱም በቁም የተደረገ ሆኖ (ወንበሮቹ ላይ ጃንጥላ ስለተቀመጠ)፣ የሚከተለው ተወስኗል።

ሀ. በአጀንዳ 3 የተላለፈው የሞት ውሳኔ ተሽሮ፣ መሥራቹ ከጠዋቱ ጀምሮ ሳይቋረጥ በሕይወት እንደነበሩ ይቆጠራል።
ለ. በአጀንዳ 2 የቀረበው ታሪክ ተሰርዟል። ሌላ እንዳይጻፍ።
ሐ. ሱቁ መስከረም 1 ይዘጋል የተባለው ቀርቷል። ግድግዳውን ለመለካት የሚመጣ ሰው ቢኖር ሜትሩን ውጭ አስቀምጦ ይግባ።
መ. ከዚህ በላይ ያልተሻረ ውሳኔ ካለ እሱም ተሽሯል። ኮሚቴውም ራሱ፣ መቀመጫ ስላጣ፣ ፈርሷል።

ስብሰባው 10፡35 ላይ ተበትኗል። ሰብሳቢዋ ይህን ቃለ ጉባኤ ለማስፈረም ወደ መሥራቹ ሲቀርቡ፣ ከኖፓ የመጡ አንዲት እናት ክንዳቸውን ይዘው፣ «ልጄ፣ ተራ አለው» ስላሏቸው ከሰልፉ መጨረሻ ሄደው ቆመዋል። ጸሐፊው እስከሚያውቁት ድረስ ፊታቸው ላይ ቅሬታ አልታየም። የመሥራቹ ፊርማ እስካሁን አልተገኘም።