ማየት ይቻላል፣ ማንሳት አይቻልም

መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ «አትንኩ» ባይ አለው። ሕንፃው ይለያያል፣ ሥራው ይለያያል፣ እሱ ግን ከየትም አይጠፋም። ወንበር ፈቀቅ ስታደርጉ ከየት መጣ ሳይባል አጠገባችሁ ዱብ የሚል፣ መሳቢያ መከፈቱን ከአቧራው የሚያውቅ፣ ያዋሳችሁን እስክሪብቶ ከነክዳኑ አረጋግጦ የሚረከብ ሰው ነው። «እኛ ጋ እንዲህ ያለ ሰው የለም» የሚል ካለ፣ ምናልባት ሰውየው ራሱ ነው።

ለክሊኒኮች የመድኃኒት ማቀዝቀዣን ሙቀት የሚጠብቅ፣ ሲዛባም የሚጮኽ መሣሪያ በሚሠራ አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ይህን ሹመት የያዙት ክቡር ጋሽ አይነቃነቅ ነበሩ። ስሙን ያወጣችላቸው ባልደረባቸው ቀልጣፋዋ ናት። የእሷን ስም ደግሞ ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ልዩነቱ እሳቸው ፊት ለፊት ይጠሯታል፣ እሷ ከኋላቸው። ሁለቱም የመሣሪያውን ፕሮግራም ይጽፋሉ። እሳቸው አንድ መስመር ጽፈው ሁለት ቀን ያዩታል። እሷ የሁለት ሳምንቱን ሥራ በሁለት ቀን ትጨርስና በተረፈው ጊዜ እሳቸው ላይ ትቀልዳለች።

የጋሽ አይነቃነቅ የሥልጣን ምልክት ሁለት ጥቅል ክብ ተለጣፊ ነበር፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ። አረንጓዴ ያለበትን ዕቃ አንሱት፣ ውሰዱት፣ በሌላ ለውጡት። ቀይ ያለበት ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። የግድግዳው ሰዓት ቀይ ነው። ማራገቢያውም ቀይ ነው፤ ቁልፉ ላይ ግን አረንጓዴ አለ። «ባለበት ሆኖ ይዙር፣ ማን ከለከለው?» ይላሉ። «መሄድ ነው የማይችለው።» አንድ ቀን አንድ እንግዳ ቀይ ምልክት ያለበት ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ ጠረጴዛው ሊጠጋ ሲል ጋሽ አይነቃነቅ ደርሰው ትከሻውን ያዙት፤ ከዚያም እያቃሰቱ ጠረጴዛውን ወደ እንግዳው ሳቡለት። ጠረጴዛው አረንጓዴ ነበረ።

ሌላ ጊዜ ኃላፊዋ የአበባውን ማሰሮ ወደ መስኮት ወስዳ ነበር።

«ፀሐይ ትፈልጋለች እኮ ጋሼ» አለቻቸው።

«ፀሐይዋ ትምጣላት» አሉና ማሰሮውን አቅፈው መለሱት። ከዚያም ጣታቸውን አንስተው እንደ ጸሎት የሚደግሟትን ቃል አሰሙ፦ «ማየት ይቻላል፣ ማንሳት አይቻልም።»

ቀልጣፋዋ ይህን ድምፃቸውን፣ ጣታቸውን፣ የመነጽራቸውን መንሸራተት ሳይቀር አስመስላ ስታሳይ ቢሮው በሳቅ ይፈርሳል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ትላለች መጨረሻ ላይ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ አድርጋ ነው የምታስመስለው።

ይህ ሁሉ አመል ከየት መጣ ቢባል ከሥራቸው ነው። በመሣሪያው ማህደረ ትውስታ ውስጥ አንድ የመረጃ ሳጥን አለ። በሳጥኑ ውስጥ የማቀዝቀዣው ሙቀት የሚጻፍበት ገጽ አለ፤ እዚያው ሳጥን ውስጥ ደግሞ «ሙቀቱን ከዚያ ገጽ አንብብ» እያለ የገጹን አድራሻ የያዘ ጠቋሚ አለ። ስለዚህ ሳጥኑ ከተቀመጠበት እንዳይነሳ ተቸንክሯል። ቀልጣፋዋ የተቀጠረች ሰሞን ጋሽ አይነቃነቅ እንዲህ ብለው አስረድተዋት ነበር፦

«ሰውዬው 'መልሱን ቤቴ ሦስተኛው መሳቢያ ውስጥ አኑሩልኝ' ብሎ አድራሻ ሰጥቷል። አንቺ መሳቢያውን ነቅለሽ ሌላ ሰፈር ብትወስጂው፣ መልስ የሚያመጣው ሰው ምን ይሆናል?»

«ይጠፋዋል።»

«ቢጠፋውማ ጥሩ ነበር፤ ጠፋኝ ብሎ ይጮኻል። ክፉው ነገር፣ የማይሆን ቦታ ገብቶ ያገኘሁ መስሎት ዝም ማለቱ ነው።»

ሳጥኑ ተቸነከረ ተብሎ ደግሞ አይነካም ማለት አይደለም፤ ውስጡ ያለውን ሳይነኩ ሥራ የለም። ስለዚህ ለሳጥኑ ክፍሎች ለእያንዳንዳቸው አስቀድሞ መወሰን አለበት። ይህ ክፍል እንደ ሳጥኑ የተቸነከረ ነው፤ ባለበት ይጻፍበታል እንጂ አይወጣም። ያኛው ነፃ ነው፤ ይወጣል፣ ይለወጣል። አንዱን ክፍል ዛሬ የተቸነከረ፣ ነገ ነፃ ማለት አይቻልም። የተጻፈውን ሁሉ የሚመረምረው ኮምፓይለር የሚባለው ፕሮግራም አብዛኛውን ስህተት ይይዛል፤ እዚህች ቦታ ላይ ግን ጸሐፊው «ኃላፊነቱ የእኔ ነው» ብሎ ስለሚፈርም ቃሉን አምኖ ዝም ይላል። ለዚህ ነው ጋሽ አይነቃነቅ የክፍሎቹን ዝርዝር በትልቅ ወረቀት ጽፈው ግድግዳ ላይ የሰቀሉት፤ በየክፍሉ አጠገብ ቀይ ወይም አረንጓዴ ለጥፈዋል። ወረቀቱ ከዕድሜ ብዛት ቢጫ ሆኗል። ራሱ ወረቀቱ ጥግ ላይም ቀይ ምልክት አለ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ቀልጣፋዋ አንድ ሐሳብ መጣላት። ከዚህ ቢሮ ዕቃ ሁሉ የማይነቃነቅ ማን ነው? ራሳቸው! ታዲያ ምልክት ለምን አይኖራቸውም? የተለጣፊው ጥቅል እንደ ልማዱ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። ዞር ስትል ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት አጠገቧ ነው፤ ሳታየው በጥፍሯ አንዱን ቀይ ላጠች። ጋሽ አይነቃነቅ ሲያልፉ «ጋሼ፣ አቧራ ነክቶዎታል» አለችና ግራጫው ኮታቸው ጀርባ ላይ መታ መታ አደረገቻቸው።

«ተባረኪ ልጄ» አሉ።

ቢሮው ለሁለት ሳምንት ሳቀ። ሰውየው ያለ አንድ ኮት የላቸውም፤ ቤት ሲገቡ ደግሞ በር ላይ ጀርባውን ወደ እንጨቱ አድርገው ስለሚሰቅሉት ያየላቸው ሰው አልነበረም። ከበሩ ጀምሮ ሰው ፈገግ ይልላቸዋል፤ እሳቸውም ግራ እንደተጋባ ሰው ፈገግ ይላሉ። ያልሳቁት የፅዳት ሠራተኛዋ እትዬ ብቻ ናቸው። «የሰው ጀርባ ሰሌዳ ነው እንዴ? ነውር ነው» ብለው ሊያነሱላቸው እጃቸውን ቢሰነዝሩ፣ ጋሽ አይነቃነቅ ከጀርባቸው እጅ መምጣቱን አይተው ክው አሉ። «እትዬ! ማየት ይቻላል፣ ማንሳት አይቻልም!» ቀልጣፋዋ በሳቅ ጠረጴዛዋ ሥር ገባች። ዛሬ ያቺን ሳቋን ስታስታውስ ጆሮዋ ይግላል።

እነሆ ለክሊኒኮቹ አዲስ ፕሮግራም የሚላክበት ጊዜ ደረሰ። ቀልጣፋዋ የመሣሪያውን ሥራ ልታፈጥነው ፈለገች። በየጊዜው እዚያው ገጽ ላይ ሰርዞ ከመጻፍ፣ የተጻፈበትን ገጽ አውጥቶ ወደ መዝገብ መላክ፣ በምትኩ አዲስ ገጽ ማስገባት ይሻላል አለች። ይፈቀድ እንደሆነ ለማየት ግድግዳውን ቀና ብላ አየች። በ«ገጽ» አጠገብ ቀይም የለ፣ አረንጓዴም የለ። «ወይ ጋሼ! እርስዎም ይረሳሉ ለካ» ብላ ለብቻዋ ሳቀች። ቀይ ከሌለው ነፃ ነው አለች። ኮምፓይለሩ ዝም አለ። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ፕሮግራሙን ቢሮው ውስጥ ያለው የመሞከሪያ ማቀዝቀዣ ላይ ጫነችው፤ ሐሙስ ለክሊኒኮቹ ሊላክ ነው።

በዚያ ማቀዝቀዣ ሁለተኛ መደርደሪያ ላይ ጋሽ አይነቃነቅ የሚወጉት የስኳር መድኃኒት ይቀመጥ ነበር። የቤታቸው ማቀዝቀዣ ከተበላሸ ወር አልፎታል። ኃላፊዋ «ጎረቤት ቢያስቀምጡት አይሻልም?» ስትላቸው፣ «ክሊኒክ ያለ በሽተኛ በእኛ መሣሪያ ተማምኖ እኔ ካልተማመንኩ ምን ሰው ነኝ?» ብለው ነበር። ካርቶኑ ላይ ቀይ ለጥፈውበታል፤ ለቅዳሜና እሑድ የሚሆናቸውን ብቻ ዓርብ ማታ ይዘው ይሄዳሉ።

ረቡዕ ጠዋት ጋሽ አይነቃነቅ አልመጡም። «ራሳቸው ላይ ቀይ ለጥፈው ከአልጋ መነሳት አቅቷቸው ይሆናል» አለች ቀልጣፋዋ፤ ሰውም ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ኃላፊዋ ስልኳን እንደያዘች ከክፍሏ ወጣች።

«ጋሼ ሆስፒታል ናቸው። ባለቤታቸው ናቸው የደወሉት። ስኳራቸው ከመጠን በላይ ወጥቶ ራሳቸውን ስተዋል። መድኃኒቱን በሰዓቱ ወስደዋል እኮ፤ ሐኪሙ 'የት ነበር የሚያስቀምጡት?' እያለ ነው።»

ሁሉም ወደ ማቀዝቀዣው ዞረ። በሩ ላይ ያለው የመሣሪያው ማሳያ አራት ዲግሪ ይላል፤ መድኃኒት የሚፈልገው ልክ ነው።

«እኔ ግን ሰኞ ጠዋት እዚያው መደርደሪያ ላይ የውኃ ጠርሙስ ተሰንጥቆ አገኘሁ» አሉ እትዬ በቀስታ። «በረዶ የሰነጠቀው ነበር የሚመስለው። ጠረግኩና ጣልኩት።»

ነገሩ ቀስ በቀስ ተገለጠ። ቅዳሜ ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ መድኃኒቱን ግግር አደረገው። እሑድ ቀኑን ሙሉ መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተር የሚያስነሳ ሰው አልነበረምና ቀለጠ። መብራት ሲመለስ ማቀዝቀዣው እንደ አዲስ ተነስቶ ደህና ሠራ። የስኳር መድኃኒት አንዴ በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም ጉልበቱ የለም፤ መልኩ ግን ያው ነው። ጋሽ አይነቃነቅ ሁለት ቀን ሙሉ ውኃ ሲወጉ ከረሙ። መሣሪያውስ በራሱ ባትሪ ይሠራ የለ፣ ለምን አልጮኸም? ቀልጣፋዋ የማሳያውን ታሪክ ከፈተች፦ ከዓርብ እኩለ ቀን ጀምሮ አራት፣ አራት፣ አራት። ደህና ማቀዝቀዣ እንኳ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል። እሷ ገጹን አውጥታ መዝገብ ውስጥ ስትከት ጠቋሚው አብሮ አልተለወጠም፤ ያንኑ የዓርብ ገጽ እያነበበ፣ ያገኘ መስሎት፣ ዝም ብሎ ነበር።

ወደ ግድግዳው ሄዳ ወረቀቱን ከቅርብ አየችው። በ«ገጽ» አጠገብ፣ በቢጫው ወረቀት መሐል፣ አንዲት ክብ ነጭ ቦታ አለች። ተረስቶ አልነበረም፤ ለዓመታት ተለጥፎ የኖረ ነገር ነው የተላጠው። ጥፍሯን አየች። ያኔ ምድር ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

ፕሮግራሙን ለማስተካከል አንድ ሰዓት አልፈጀባትም። የከበዳት ሌላው ነበር። ብርቱካን ገዝታ ሦስት ቀን እስከ ሆስፒታሉ በር ሄደች፤ ሦስቱንም ቀን ከነብርቱካኑ ተመለሰች። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይባላል፤ እሷ የጣለችው ግን የብብቷን አልነበረም፣ የሰው ነበር። ያሳፈራት ደግሞ ስህተቱ ብቻ አይደለም። ስንት ጊዜ ያንን ድምፅ አስመስላ ስታወራ፣ ቃሉን አንድም ቀን ሰምታው እንደማታውቅ ገባት።

በሚቀጥለው ሳምንት ጋሽ አይነቃነቅ ከስተው፣ ግራጫውን ኮት ለብሰው መጡ። ሁሉም ሲሰበሰብ ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ገለጡት። ቀዩ ምልክት ነበር።

«ባለቤቴ ኮቴን ስታጥብ ጀርባው ላይ አገኘችው» አሉ። «ግድግዳውን ተደግፌ ነው መሰለኝ፣ በገዛ ጀርባዬ ይዤው ሄድኩ። የሆነውን ከባለቤቴ ሰማሁ፤ ይቺ ልጅ ባዶ ቦታ አይታ ነፃ ነው ብትል አይፈረድባትም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከዚህ በኋላ ሙጫውን በየወሩ አያለሁ።»

ማንም ቀና አላለም። እትዬ ብቻ መጥረጊያቸውን እንደያዙ ቀልጣፋዋን አዩዋት።

«ጋሼ» አለች። «ጋሼ፣ አልወደቀም። እኔ ነኝ ከወረቀቱ የላጥኩት። ሰው እንዲስቅ ብዬ ጀርባዎ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። አቧራ ነክቶዎታል ያልኩዎት ቀን።»

ጋሽ አይነቃነቅ ምልክቱን ትኩር ብለው አዩት።

«ፕሮግራሙ ለክሊኒክ ተልኳል?»

«አልተላከም። ኃላፊያችን አስቆመችው።»

«ተመስገን» አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲያ ሰሞኑን ሰው ሁሉ ፈገግ ይልልኝ የነበረው...» አሉና ተዉት። ከዚያ ግን ጨረሱት። «እኔ ለባለቤቴ 'ኋላም ቢሆን ወደዱኝ መሰለኝ' ብያት ነበር።»

ቀልጣፋዋ አለቀሰች። ጋሽ አይነቃነቅ ቀዩን ምልክት ወደ ቦታው ሊመልሱት ሞከሩ፤ ሙጫው አልቆ ወደቀ። ቁልፋቸውን አውጥተው መሳቢያውን ከፈቱና ቀዩን ጥቅል እንዳለ ሰጧት፤ ይህን ጥቅል ከእሳቸው በቀር የያዘ ሰው አይታወቅም።

«አንቺ ለጥፊው።»

ለጠፈችው። በአውራ ጣታቸው ተጭነው ካረጋገጡ በኋላ ወደ ወንበራቸው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ አይነቃነቅ ሲገቡ ከበሩ ጀምሮ ሰው ሁሉ ፈገግ አለላቸው፤ በዚህ ቀን እውነተኛ ፈገግታ ነበር። ክቡር ጋሽ አይነቃነቅ ግን ቆም አሉና እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ ኋላ ልከው ጀርባቸውን ዳሰሱ።

ቀልጣፋዋ ተነስታ ከኋላቸው ቆመች።

«ምንም የለም ጋሼ» አለቻቸው። «አይቼልዎታለሁ። ምንም የለም።»

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ። ሄደው እስኪቀመጡ ድረስ ግን እጃቸውን ከጀርባቸው አላነሱም።