የወይዘሮ ዘይባ ጉድጓድ ነዳጅ የዘር ሐረግ

አንድ መሥሪያ ቤት ለዜጋው ከሚውለው ውለታ ሁሉ ከፍተኛው ሳይጠሩት መምጣት ነው። በቡታጅራ ዳርቻ ይኸው ውለታ በወይዘሮ ዘይባ ላይ ደረሰ። ወይዘሮ ዘይባ በጓሯቸው ጉድጓድ ውኃ ልጆች ያሳደጉ፣ ለጎረቤት የሚተርፍ ጎመንና ቃሪያ የሚያጠጡ ሴት ናቸው። ጉድጓዳቸው «አርአያ ንጹሕ ጉድጓድ» ተብሎ ተመረጠና የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ተካ ከነባለሙያዎቻቸው በፒክአፕ መጥተው ስለ ንጽሕና ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ መኪናዋ ከጉድጓዱ አፋፍ፣ ከአቮካዶ ዛፍ ጥላ ሥር ቆማ ነበር።

በማግሥቱ በባልዲው ውኃ ላይ ጥቁር ቅባት ተንሳፈፈ።

ወይዘሮ ዘይባ ባልዲውን ይዘው ሊያመለክቱ ሄዱ። አቶ ተካ አሸተቱ፤ ጣታቸውን ነከሩ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ወይዘሮ ዘይባ፣ ይህ ምን እንደሆነ ያውቃሉ?»

«ቆሻሻ ነዋ።»

«ድፍድፍ ነዳጅ ነው!»

«ታዲያ እኔ ምን ልጠጣ?»

«ታሪክ እየተሠራ ስለ ጥማት ያወራሉ?»

ወዲያው የነዳጅ አብሳሪ ዐቢይ ኮሚቴ ተቋቋመ። ጉድጓዱ በቆርቆሮ ታጠረ፣ ዘበኛም ቆመለት። ወይዘሮ ዘይባ «እንኳን ደስ አለዎት» ተባሉና ውኃ ከወንዝ በአህያ ማስመጣት ጀመሩ። ጎመኑ ደረቀ። ኮሚቴው በዚያችው ፒክአፕ እየተመላለሰ ጎበኘ፤ በጎበኘ ቁጥር ቅባቱ ጨመረ። «ጉድጓዱ ለአመራሩ በጎ ምላሽ እየሰጠ ነው» የሚል ሪፖርትም ተላለፈ።

ሾፌሩ ጀማሉ፣ «ጋሽ ተካ፣ መኪናዋ ዘይት ታንጠባጥባለች፤ ጋራዥ ላስገባት?» ቢላቸው፣ «አገር ነዳጅ አግኝቶ አንተ ስለ ጠብታ ታወራለህ!» ብለው ገሠጹት።

ችግር የመጣው የታችኛው ሰፈር ሰዎች «ነዳጁ ከእኛ ሰፈር ሾልኮ የሄደ ነው» ባሉ ጊዜ ነው። የነዳጁ ትውልድ በሳይንስ ይጣራ ተባለና ዶክተር ሰልሚያ የምትባል የኬሚስትሪ መምህርት ከጉብሬው ዩኒቨርሲቲ ተጠራች።

«ነዳጅ የሚፈጠረው ድሮ ከሞቱ ጥቃቅን ሕያዋን ነው» አለች። «የእነሱ ሞለኪውሎች ሚሊዮን ዓመታት አልፈውም ውስጡ ይቀራሉ። ባዮማርከር እንላቸዋለን። በእነሱ ዘይቱ ከየትኛው ምንጭ እንደመጣ ይታወቃል።»

«ዘመዶቹንም ይናገራሉ?» አሉ አቶ ተካ።

«አዎ፣ ይናገራሉ።»

«ማለፊያ! እንግዲያው የላይኛው ሰፈር ተወላጅ ነው ብለሽ ጻፊልን።»

ሰልሚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ከጉድጓዱ ናሙና ወሰደች። ስትወጣ ከኮሚቴው ፒክአፕ ሥር ጥቁር ኩሬ አየችና ከሞተሩም ዘይት ቀዳች።

ውጤቱ የተነገረው አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ባለበት ነው።

«የጉድጓዱ ቅባትና የመኪናችሁ የሞተር ዘይት ባዮማርከሮች አንድ ዓይነት ናቸው፤ መንታ በሏቸው» አለች ሰልሚያ። «ወላጆቻቸውም ከዚህ በጣም ሩቅ በሆነ ጥንታዊ ባሕር የኖሩ አልጌዎች ናቸው።»

አቶ ተካ ኮታቸውን ቆልፈው ቀስ ብለው ተነሡ።

«ወገኖቼ! ሳይንስ ተናገረ! መኪናችን እስከ ዛሬ የሄደችው በገዛ ጉድጓዳችን ዘይት ነው!»

ጭብጨባው የአዳራሹን ጣሪያ አንቀጠቀጠው። ሰልሚያ «ኧረ በተቃራኒው ነው!» እያለች ብትጮኽ የሰማት የለም። ይህን ጊዜ ወይዘሮ ዘይባ እጃቸውን አወጡ። ጎመናቸው ከደረቀ ወዲህ ብዙ ሲያስቡ ከርመዋል።

«አቶ ተካ፣ ወላሂ እውነትዎን ነው። ግን አንድ ነገር አስፈራኝ። ጉድጓዴ ላይ ዘይቱ በስሱ ነው የሚንሳፈፈው። መኪናዋ ውስጥ ግን ሞልቷል። ዋናው ምንጭ እንዴት ያለ አጥር ሜዳ ላይ ይቆማል? ሌባ ቢቀዳውስ?»

አቶ ተካ ፊታቸው አመድ መሰለ። ስብሰባው ሳይበተን አስቸኳይ ውሳኔ አሳለፉ። ቆርቆሮው ከጉድጓዱ ተነቅሎ በመሥሪያ ቤቱ ግቢ በመኪናዋ ዙሪያ ተተከለ፤ ዘበኛውም አብሮ ተዛወረ። ወይዘሮ ዘይባ ጉድጓዳቸውን አስቀድተው፣ አስጠርገው፣ አዲስ ጎመን ዘሩ። ሰልሚያ ልትሰናበታቸው ብትመጣ፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ ሰጥተዋት አብረው ሆዳቸውን እስኪያማቸው ሳቁ።

ኮሚቴው ዛሬም ሥራ ላይ ነው። ከመኪናዋ የሚንጠባጠበው ዘይት በሳፋ ይጠራቀማል፤ ማታ ተለክቶ እንዳይባክን በሞተሩ አፍ ተመልሶ ይፈስሳል። አቶ ተካ ለጎብኚዎች እንደሚያስረዱት፣ ከሌላው አገር ነዳጅ በተለየ ምርቱ አንድም ቀን ቀንሶ አያውቅም።