ኮምፓይለሩ እስኪወጣ አትሙቱ

አዲስ ነገር ካልወጣ ሥራ የማይጀምር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ሞጣ ላይ አለን፤ ይበልጣል ይባላል፣ ፕሮግራመር ነው። የዕድራችን ስብሰባ ላይ ብድግ ብሎ፣ «በዚህ ዘመን ጥሩምባ? ሰው ሲሞት ለአባሉ ሁሉ በስልክ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም እሠራላችኋለሁ» አለ። አጨበጨብን። ጥሩምባ ነፊያችንን አያ ስመኝንም በዚያው ቀን መርቀን አሰናበትናቸው። ፕሮግራሙ ሳይሠራ! እንዲህ የሚያደርግ ዕድር ሌላ አገር ይኖር ይሆን?

ወራት አለፉ። «ከምን ደረሰ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ኮዱን ለማሽኑ የሚተረጉመው ኮምፓይለር አዲሱ ሊወጣ ነው፤ በአሮጌው ምን አደከመኝ?» አለኝ። እሺ፣ ወጣ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ። «አሁን ደግሞ ኮድ የምጽፍበት ሶፍትዌር ከአዲሱ ጋር እስኪስማማ ነው» አይለኝ መሰላችሁ! እስኪስማማ ሰው አይሙት?

ሰው ግን ሞተ። ባለፈው ማክሰኞ እትዬ የውብዳርን የቀበርናቸው ካህናቱን ጨምሮ ዘጠኝ ሆነን ነው። መንደር የሚያህል ዕድር ይዘን ዘጠኝ! ሌላው አባል ስልኩ እስኪጮህ እየጠበቀ ነበር። አያ ስመኝ መቃብሩ አጠገብ ቆመው ባዶ እጃቸውን ያያሉ።

ከቀብር መልስ ለቅሶ ቤት እንደተቀመጥን ይበልጣል እየሮጠ ገባ። እኔ የምሰድበውን ስድብ አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ቀደመኝ፤ ደረቱን እየደቃ ጮኸብን፦

«የገዛ አክስቴ ስትሞት እንዴት አንድ ሰው አይነግረኝም?»