ሁለት ጆንያ ዘር

(ማሳ ዳር። ሁለት ሰዎች ሰማይ ሰማይ ያያሉ። አንደኛው ሰፈሩ “ሬዲዮ” ብሎ የሰየመው ነው፤ ያወራል እንጂ አይሰማም። ሁለተኛው የእህቱ ባል፣ አማች፤ ነገር የሚገባው ዘግይቶ ነው ይሉታል።)

ሬዲዮ፦ ደመና ነው አልኩህ!

አማች፦ ጭስ ነው ጋሼ። ጎረቤት ገለባ ሲያቃጥል አይቻለሁ።

ሬዲዮ፦ ስንት ስብሰባ የተቀመጥኩትን ሰውዬ ደመና ልታስተምረኝ?

አማች፦ ስብሰባው ላይ ሰማይ ያሳያሉ እንዴ?

ሬዲዮ፦ ኧረ የኔ ጉድ! ስለ አየር ንብረት ለውጥ ነው የምንሰበሰበው። ዝናቡ ዘግይቶ መምጣት፣ ቶሎ መሄድ ጀምሯል።

አማች፦ እንደ እርስዎ ለአረም።

ሬዲዮ፦ (አልሰማም) ስለዚህ ገበሬ መላ መምረጥ አለበት። ውሃ ማቆር አለ፣ ዛፍ መትከል አለ፣ ቶሎ የሚደርስ በቆሎ መዝራት አለ። ላንተ በቆሎውን መረጥኩልህ።

አማች፦ ለእኔ ብቻ?

ሬዲዮ፦ አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው አይቶ ይማራል። ጀማሪው ይመሰገናል!

አማች፦ ባይበቅልስ?

ሬዲዮ፦ ሟርተኛ! ወርቅ ቢከፈል የማይገኝ ዘር ነው። የእህቴ ባል ባትሆን ከአፌ ነጥቄ እሰጥህ ነበር?

አማች፦ እሱንማ ሳስበው ሆዴ ባባ።

ሬዲዮ፦ በል፣ እኔ ስብሰባ ሳለሁ በሰጠሁህ ሁለት ጆንያ ዘር የሁለታችንንም ማሳ ዘራህ?

አማች፦ ጨረስኩ።

ሬዲዮ፦ ተባረክ! አዲሱ ዘር ደህና ወደቀ?

አማች፦ በደንብ። የእርስዎ ማሳ ላይ።

(ሬዲዮ ለመስማት ጆሮውን አቀረበ። ይህን ደግሞ ሰፈሩ አይቶ አያውቅም።)

ሬዲዮ፦ የት?

አማች፦ ወርቁን እኔ ወስጄ አሮጌውን ዘር ለጋሼ ልተው? ነውር ነው ብዬ ጆንያውን ለወጥኩት።

ሬዲዮ፦ (ራሱን ይዞ) ጉድ ሠራኸኝ! የዓመት ቀለቤ እኮ ነው! ያንን ዘር ማን ያውቀዋል? የሰጡኝ ሰዎች ራሳቸው “እስቲ እናየዋለን” ነው ያሉት!

አማች፦ ታዲያ ለእኔ ሲሰጡኝ...

ሬዲዮ፦ መጀመሪያ ባንተ ማሳ ልየው ብዬ ነዋ! (አፉን በእጁ ያዘ። ቃሉ ግን ወጥቶ አልቋል።)

አማች፦ በእኔ ማሳ። የእህትዎ ልጆች በሚበሉበት።

ሬዲዮ፦ ማለቴ... አልገባህም...

አማች፦ ዛሬስ ቶሎ ገባኝ። እኔ ሞኙ፣ ያሉኝን አመንኩ፤ እርስዎ አዋቂው ግን የገዛ አፍዎን አላመኑትም።

ሬዲዮ፦ ና እንልቀመው! አፈሩ ሳይርስ እያንዳንዷን ፍሬ እንልቀም!

(ሰማዩ አጉረመረመ። አንድ ወፍራም ጠብታ ሬዲዮ አፍንጫ ላይ አረፈች፤ ሌሎቹም ተከተሏት።)

አማች፦ ለካ እውነትም ደመና ነበር! አይዞዎት ጋሼ፣ ጀማሪው ይመሰገናል። እኔ አይቼ እማራለሁ።