የዘር ድንቹን ጎጆ ቁልፍ ለታጋሽ ሰው ለመስጠት የተደረገ ስብሰባ

ዕለቱ ረቡዕ፣ መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ዐቢይ ጾም ነው። ቦታው ከገሳይ ከተማ ወረድ ብሎ፣ የማኅበራችን የዘር ድንች ማስቀመጫ ጎጆ በራፍ። ከአሥራ ሁለት አባላት አሥሩ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል፤ ሁለቱ የቀሩት ምሳ እንደሌለ ቀድመው ሰምተው ነው ይባላል።

የተገኙ፦ ሰብሳቢ አቶ ደሳለኝ፤ ሽማግሌው አያ ይሻው፤ ከዓረብ አገር የተመለሰችው ወይዘሮ የሺ፤ ሌሎች ስድስት አባላት፤ ጸሐፊ ማሬ (እኔው)። በተጋባዥነት የግብርና ባለሙያዋ ሰላማዊት። በሰባት ሰዓት ተጀመረ።

አጀንዳ 1፦ ዘሩን ስለመጠበቅ

አያ ይሻው ለግንቦት ተከላ ከተቀመጠው ዘር "ትንሽ ትንሽ ብንቀምስስ?" ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። ወይዘሮ የሺ ሌላ ዘር እንደሌላት፣ ይህ ከተበላ ማሳዋ ጦሙን እንደሚያድር አመለከተች። ሰላማዊት የሰው አእምሮ የዛሬውን ድንች ከነእንፋሎቱ ስለሚያየው ትልቅ፣ በግንቦት ተተክሎ የሚመጣውን ግን ከሩቅ ስለሚያየው ትንሽ አድርጎ እንደሚመዝን አስረዳች። አያ ይሻው፣ "ለፋሲካ ሃምሳ አምስት ቀን የምንጠብቅ ሰዎች ነን፤ ትዕግሥት ልታስተምሪን ነው ልጄ?" አሏት። "እሱማ ጎረቤት ስለሚያይዎት ነው፣ አያ" አለች። ሳቁ እንዳይመዘገብ ሰብሳቢው አሳሰቡ።

ከረዥም ውይይት በኋላ ዘሩ እንዳይነካ፣ ቁልፉም ለታጋሽ ሰው እንዲሰጥ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ታጋሹን ስለመለየት

ከወይዘሮ የሺ በቀር ሁሉም ራሱን ጠቆመ። ባለሙያዋ ሕፃናት የሚፈተኑበት ነው ባለችው ዘዴ፣ በየተጠቋሚው ፊት አንድ ሰሃን ቅቅል ድንች እንዲቀመጥ፣ ስብሰባው እስኪዘጋ ላልነካ ሁለተኛ ሰሃን እንዲጨመርለት ተወሰነ። ድንቹ ከየት ይምጣ ሲባል፣ ከጎጆው እንዲወጣ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ። ወይዘሮ የሺ "ዘር ለመጠበቅ ዘር ልትቀቅሉ?" ብትል፣ ከአጀንዳ ወጣሽ ተባለች።

ሰሃኑ ቀረበ። ማንም አልነካም፤ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ማን ጾም ይገድፋል? ልክ ዘጠኝ ሲሆን ሰብሳቢው ስብሰባውን ዘጉት። ሁለተኛው ሰሃን ሲመጣ መልሰው ከፈቱት። ዘጠኙም ተፈታኞች አለፉ። አንድ ቁልፍ ለዘጠኝ ስለማይካፈል በሩ ክፍት እንዲሆን ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ወይዘሮ የሺ በተከፈተው በር ገብታ ድርሻዋን በማዳበሪያ ከረጢት ሞልታ ወጣች። ሰብሳቢው እንድትቆም ያዘዟት በእጃቸው ነው፤ አፋቸው ሞልቶ ነበር። እሷም "ግንቦት ላይ ማሳዬን መጥታችሁ እዩት፤ ማየት አይከለከልም" ብላ ቁልቁል ወረደች።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በዛሬው ዕለት የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ፣ የተቀቀለው ዘርም እንዳልተቀቀለ ተቆጥሮ በግንቦት እንዲተከል በሙሉ ድምፅ ጸድቆ፣ ጉባኤው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ተበተነ።