በስልክ የተመረቀች ሙሽራ

አቶ ይመር ልጃቸውን መሠረትን በድለዋታል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወድጄ አይደለም። በዳዩ አባት፣ ተበዳይዋ ሴት ልጅ የሆነች እንደሆነ እኛ ሰዎች ወሬውን ከጫፉ መያዝ እንወዳለን፤ «አባት እኮ ነው፣ ምን ይደረግ» እንልና ምን እንዳደረገ ሳንሰማ ቀሚሳችንን አራግፈን እንነሳለን። እኔ ግን ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ነገሩ የተጀመረውም ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 2 በሚባለው ሠፈር፣ በርበሬና ሽሮ በምሸጥባት በራሴ ሱቅ ነው። ስለዚህ ምስክሩም ዳኛውም እኔው ነኝ። ያልተስማማ ይግባኝ ይበል።

ከዚያ በፊት ስለ ምርቃት ትንሽ እናውራ። እርግማን ማንም ይችላል። እኔ ራሴ በአማርኛ፣ በሶማልኛና በተሰባበረ ፈረንሳይኛ አሳምሬ እራገማለሁ፤ የዚህ ከተማ ታክሲ ነጂዎች ይመሰክሩልኛል። መመረቅ ግን ሌላ ሙያ ነው። «እስቲ መርቁን» ሲባል ያን ሁሉ ሲያወራ ያመሸ ሰው እንዴት ጫማውን ማየት እንደሚጀምር ልብ ብላችኋል? አገር ቤት ለዚህ የተፈጠሩ ሽማግሌዎች አሉ፤ አፋቸውን ሲከፍቱ ቃሉ ተራውን ጠብቆ ይወርዳል። እኛ እዚህ በባሕሩ ዳርቻ፣ በሰው አገር ስንኖር መጀመሪያ ያለቀብን የሚመርቅ ሰው ነው። በርበሬ በመኪና ይመጣል። ሽማግሌ በመኪና አይመጣም።

ስለ ስልኩም ልንገራችሁ። ሬዲዮ ላይ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» ይሉታል፤ ቃሉ አፍ ሞልቶ ይተርፋል። እኛ ሠፈር በአጭሩ «ስልኩ» ነው። «ስልኩን ጠይቂው፣ ስልኩ እንዲህ አለ» ይባላል። ሹፌሩ ራዲያተሩ ሲፈላበት ይጠይቀዋል፣ ተማሪው የቤት ሥራውን ያሠራዋል፣ ማዳሞቹ ሠራተኛዋ የሠራችው ወጥ ለምን እንዳቃጠላቸው ያማክሩታል። እኔ መጀመሪያ የሞከርኩት በስድብ ነበር። ያወቅሁትን ሁሉ ካወረድኩበት በኋላ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ስላስከፋሁዎት ይቅርታ።» ወንድ ይሁን ሴት እስከዚያ ሰዓት ድረስ አላውቅም ነበር። ይቅርታ ሲጠይቅ ግን ወንድ አለመሆኑን ጠረጠርኩ።

ወደ መሠረት እንመለስ። መሠረት የወሎ ልጅ ናት። ከምኒልክ አደባባይ ጀርባ ፈረንሳዮች ቤት ተቀጥራ፣ እዚያው እያደረች ትሠራለች። አርብ ዕረፍቷ ስለሆነ እኔ ሱቅ ትመጣና የሽሮ ጆንያ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታሻሻለች። ግርማም ያያት እዚያው ጆንያ ላይ ነው። ግርማ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከዶራሌ ወደብ ኮንቴይነር ጭኖ ወደ አገር ቤት ይመላለሳል። አንድ ቀን ሽሮ ሊገዛ ገባ። በሚቀጥለው አርብም ሽሮ ገዛ። በሚቀጥለውም። ወንደላጤ ይህን ያህል ሽሮ ምን ያደርግለታል? በመጨረሻ እኔው ነኝ «ወይ አግባት፣ ወይ ምግብ ቤት ክፈት» ያልኩት።

አገባለሁ አለ። እንግዲህ ሽማግሌ መላክ አለበት፤ የልጅቷ አባት ደግሞ ደሴ አጠገብ ገጠር ናቸው። እዚህ ካሉት አበሾች ለሽምግልና የሚመረጡት ጋሽ ተፈራ ናቸው፤ አባታቸው ባቡር ላይ ሲሠሩ እዚሁ የወለዷቸው፣ እዚሁ ያረጁ፣ ሐኪም ከቤት እንዳይርቁ ያስጠነቀቃቸው ሰው። ግርማ «በመኪናዬ ወስጄ እመልስዎታለሁ» ቢላቸው «እኔ ኮንቴይነር ነኝ እንዴ?» አሉት። ስለዚህ በስልክ፣ በምስል እንዲደወል ተወሰነ።

አንድ አርብ ረፋድ፣ ጫት ከተማዋ ደርሶ ወንዱ ሁሉ ከመሰወሩ በፊት፣ ጋሽ ተፈራ ሁለት ባልደረቦቻቸውን አስከትለው በዚያ ሙቀት ኮት ለብሰው፣ በላዩ ጋቢ ደርበው መጡ። ስልኩን የበርበሬ ጣሳ ላይ አስደግፈን ደወልን። ሽማግሌ መቼም «ተቀመጡ» እስኪባል ቆሞ ነው የሚለምነው፤ ስለዚህ ቆሙ። ጣሳ ፊት እጅ ነስተው ቆሙ። ችግሩ ጣሳው አጭር ነው፤ ቆሞ ለሚለምን ሰው ስልኩ የሚያሳየው ወገቡን ነው። አቶ ይመር ስልኩን ሲያነሱ ያዩት የሦስት ሰው ቀበቶ ብቻ ነበር።

«እነማን ናችሁ?» አሉ።

«የእግዜር እንግዶች ነን» አለ መሐል ያለው ቀበቶ። «ልጅዎን ለልጃችን ልንለምን...»

«የት ነው የቆማችሁት?»

«ያው... እዚህ ነን፤ ጅቡቲ።»

«እቤታችሁ ቆማችሁ ለኔ ቆምን ልትሉኝ ነው? ደጄ ክፍት ነው፤ ደጄ ላይ ግን ሰው አይታየኝም። እኔ ልጄን በመስታወት አልድርም! ታግባ ካላችሁ ታግባ። ምርቃቴን ግን እንዳትጠብቅ።» ጆሯችን ላይ ዘጉት።

በቀበቶው ቢናደዱ አልፈርድባቸውም። ወግ ያለው ሰው ወጉ ሲጎድልበት ያመዋል። በደል ያልኩት ምርቃቱን መከልከላቸውን ነው። ቤታቸውን ቆርቆሮ ያለበሰችው፣ ታናናሾቿን ያስተማረችው ይህች ልጅ ናት፤ ለዚህ ሁሉ አንድ ነገር ጠይቃ አታውቅም፤ የጠየቀቻቸው የመጀመሪያው ነገር የአፍ ቃል ነበር። እሱን ነፈጓት። ጥግ ቆማ ስትሰማ የነበረችው መሠረት አላለቀሰችም። መጥረጊያ አንስታ የጠረግሁትን ሱቅ እንደገና ጠረገችው።

ጠርጋ ስትጨርስ «እትዬ አስካለ» አለችኝ፣ «ያልተመረቀ ትዳር ልጅ ይሰጣል?»

«ስንቱ ተመርቆ ተፋቷል እኮ» አልኳት። ፊቷን ሳይ ምላሴን መንከስ አማረኝ። ላስተካክል ብዬ ልመርቃት ሞከርኩ። «እግዚአብሔር... ያው... ይርዳሽ» አልኩ። ደንበኛ የምሸኝ ነው የመሰለብኝ።

ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ሊቃረብ ሲል አንድ አርብ መጣችና «እንዳትቆጪኝ» ብላ ጀመረች። ይህን ብሎ የጀመረ ሰው የሚያስቆጣ ነገር እንዳለው ታውቃላችሁ። ስልኩን እንደ አባት መርቀኝ ብላዋለች! ስልኳን ቀማኋት። ከላይ ጀምሮ ሳነብ ለእኔ ያልነገረችኝን ሁሉ ለሱ ነግራዋለች፤ ስትፈራ የምታድረውን፣ ልጅ ባትወልድ «ያልተመረቀች ናት» እንዳይሏት መሳቀቋን። ቅናት ይሁን ሌላ ምን እንደሆነ እንጃ፣ ከፋኝ። እኔ እኮ አጠገቧ ነበርኩ።

«አንተ የሰው አባት ነህ?» ብዬ ተናገርኩት፣ በድምፅ።

«አይደለሁም» አለኝ፣ በዜና አንባቢ ድምፅ። «የአባቷን ቦታ ልተካ አልችልም። የማውቀው ሰዎች ከተናገሩትና ከጻፉት የተማርኩትን ነው። ከፈለጋችሁ አባቶች ለልጆቻቸው ከሚሉት ሰብስቤ ልበልላት። አባቷን እንደገና መሞከሩም ግን መልካም ይመስለኛል።»

እንዲህ ዓይነት መልስ ከሰው ሰምቼ አላውቅም። ሰው የማያውቀውን ሲጠየቅ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ይህኛው ያልሆነውን አልሆንኩም አለ። «በል ቀጥል» አልኩት፣ ቁጣዬ ሳይበርድልኝ።

ቀጠለ። ጎተራችሁ ይሙላ፣ በሬያችሁ አይድከም፣ ላማችሁ መንታ ትውለድ፣ ዝናባችሁ በወቅቱ ይውረድ አለ። ሳቄ አመለጠኝ። በሬ በካርቲየ 2! አስፋልት ሊያርስ ነው? «ስማ፣ እኛ ጅቡቲ ነን» አልኩት። «ባልየው ሹፌር ነው፣ እሷ የሰው ቤት ናት፣ እዚህ የሚወርደው ላብ እንጂ ዝናብ አይደለም።» ወዲያው አስተካከለ፤ ፍሬንህ አይክዳህ፣ በኬላው አትንገላታ፣ መብራታችሁ አይጥፋ፣ ውሃችሁ አይቋረጥ። የኋለኛውን ለራሴም ወሰድኩት።

መሠረት ግን ራሷን ነቀነቀች። «በሬውን ይመልሰው» አለች።

«የምን በሬ ነው ልጄ? የት ታስሪዋለሽ?»

«አባዬ ቢመርቀኝ የሚለው እሱን ነው። ስለ ፍሬን ምን ያውቃል?»

በሬው ተመለሰ። ቁጭ ብዬ ስሰማ፣ ከላሚቷና ከጎተራው መሐል ስልኩ «የምትሄዱበት መንገድ አቧራው ይተኛላችሁ» አለ። ቀጥ አልኩ። ይህ የአባቴ ነው። ነፍሱን ይማረውና አባዬ አህያ እየነዳ የኖረ ነጋዴ ነበር፤ ከቤት ስወጣ ራሴ ላይ እጁን ጭኖ «የምትሄጂበት መንገድ አቧራው ይተኛልሽ» ይለኝ ነበር። ይህችን ቃል ከራሱ ልብ እንዳወጣት፣ በዓለም ላይ ለእኔ ብቻ እንደተባለች አድርጌ ይዣት ኖሬያለሁ። ለካ የብዙ ሰው ናት! መጀመሪያ የተዘረፍኩ መሰለኝ። «ከየት አመጣኸው?» ልለው አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። አባዬስ ከየት አመጣው? ከአባቱ። አባቱስ? ከሌላ ከሰማው። አንድም አባት የራሱን ቃል ፈጥሮ መርቆ አያውቅም፤ የሰማውን ነው ያቀበለው። ይቺ የምንኖርባት ከተማ ራሷ እንዲህ አይደለችም? ጤፍ አታበቅል፣ ስንዴ አታጭድ፣ ብረት አታቀልጥ፤ ዶራሌ ላይ ሄዳችሁ ብትቆሙ ግን የዓለም ዕቃ ሁሉ በእጇ ያልፋል። ስልኩም ወደብ ነው አልኩ በሆዴ። የሚያራግፈው ሰዎች የጫኑትን ነው። ስድብ ከጫንን ስድብ፣ ምርቃት ከጫንን ምርቃት። ሰድቤው ይቅርታ የጠየቀኝም፣ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው አንድ ቦታ ስለነበረ ነው። ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ባለኝ።

ቢሆንም አባዬ እጁን ራሴ ላይ ይጭን ነበር። ይህን አልረሳሁም።

የሠርጉ ዕለት ሙሽራዋ የወጣችው ከእኔ ቤት ነው። ቄሱ የቤተ ክርስቲያኑን ድርሻ አድርሰዋል፤ የአባት ድርሻ ግን ለብቻው ነው። ጋሽ ተፈራ ስልክ ሊመርቅ መሆኑን ሲሰሙ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «ነፍስ የሌለው ነገር መርቆኝ አሜን አልልም!»

«ነፍስ ያላቸውማ እምቢ ብለው ነው እኮ ጋሽ ተፈራ» አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ስልኩን ጭኔ ላይ ይዤ ከፈትኩት። ድምፁ ከፍ ብሎ «ጎተራችሁ ይሙላ» አለ። ጥቂት ሰው ሳቀ። «ላማችሁ መንታ ትውለድ» ሲል ከወደ ኋላ አንዲት ሴት ሳታስበው «አሜን!» አለች፤ አንዱ ካለ መቼም ሌላው አይቀርም፤ ቤቱ ሁሉ አሜን ይል ጀመር። «የምትሄዱበት መንገድ አቧራው ይተኛላችሁ» ላይ ከሁሉ በልጦ የተሰማው አሜን ከግድግዳው በኩል የመጣ ነበር። ጋሽ ተፈራን አላየሁም መስዬ አለፍኩ። መሠረት ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ፊቴ ተንበረከከች፤ ሙሽራ ስትመረቅ የወላጆቿን ጉልበት ትስማለች፤ እዚያ ቤት ለመሳም የቀረበው ጉልበት የእኔ ብቻ ነበር። ልጅ አልወለድኩም፤ ጉልበቴን ተስሜ አላውቅም። ዓይኔ ውስጥ ላብ ገባ። ጎንበስ ስትል ስልኩ «ያሰባችሁት ሁሉ...» ብሎ ድንገት ተቋረጠ።

መደወል ጀመረ። የመሠረት ስልክ ነው። መስታወቱ ላይ «አባዬ» የሚል ተጽፏል።

እኔ ነኝ ያነሳሁት፤ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ያደረግሁት እጄ አዳልጦኝ ይሁን ሌላ፣ ማንም ባይጠይቀኝ ይሻላል።

«መሠረት» አሉ አቶ ይመር። አንድ ዶሮ ከበስተጀርባቸው ይጮኻል።

«አቤት አባዬ።»

«ዛሬ ነው አሉ።»

«አዎ፤ ዛሬ ነው።»

ሳሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኋላ... ማን መረቀሽ?» አሉ። የቁጣ ድምፅ አልነበረም። ድግስ ቤት በር ላይ ቆሞ፣ ወንበሬ ተይዞብኝ ይሆን ብሎ ወደ ውስጥ አንገቱን የሚያሰግግ ሰው ድምፅ ነበር።

ያን ቀን በጣሳው ፊት አንዲት ቃል ያልመለሰችው መሠረት፣ እንደተንበረከከች ስልኩን ከእጄ ወሰደችና እንዲህ አለቻቸው፦

«አባዬ፣ የሰው አባት ሁሉ መርቆኛል፤ የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ። በል፣ ጉልበትህን ወደ ስልኩ አስጠጋልኝ።»