መላጣው፣ ጢማሙና ቆመው የቀሩት ሽማግሌዎች

እኔ ስለ ቅርጫት ኳስ የማውቀው ነገር ቢኖር መንፋት ነው። አትሳቁ። ሳይክል ጠጋኝ ነኝ። ፖምፓ አለኝ፤ ለኳስ የምትሆን ቀጭን መርፌም አለችኝ። ሐዋሳ ደግሞ ሜዳ ናት፤ ሳይክል የሌለው ሰው ሳይክል ያለው ወንድም አያጣም። ስለዚህ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ከዛፌ ሥር ቁጭ ባልኩበት፣ ጠዋት ጠዋት የተበሳ የጎማ ካላማዳሪያ ይመጣልኛል፤ ከሰዓት በኋላ ኳስ።

ኳስ ስትነፋ አይታችኋል? መጀመሪያ እንደ በሽተኛ ተኝታ ትቆያለች። ከዚያ ቀስ እያለች ነፍስ ትዘራለች። እኔ ያን ጊዜ ሐሳብ ይዞኝ ይሄዳል። ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይመጣል፣ ቅጠሉ ይንሿሿል፣ እጄ ፖምፓውን ይገፋል፤ ልቤ ግን እዚያ የለችም። ሚስቴ ይህን ጠባዬን ታውቃለች። ሰዎች "ጴጥሮስ የጸሎት ሰው ነው" ሲሉ ትሰማና፣ ግማሹን ጊዜ እኮ ዓይኑን ገልጦ እያለመ ነው ትላለች። እውነቷን ነው። ግን ማለሙና መጸለዩ የት ላይ እንደሚለያዩ እኔም አላውቅ።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ዓለምን የማውቃት በመጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ የቀረውን ደግሞ ሳይክሉ እስኪሠራለት ቆሞ የሚያወራው ሰው ይነግረኛል። ያን ሰሞን ወሬው ሁሉ አንድ ሆነ። በዓለም ላይ ከተፈጠሩት የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ሁሉ የሚበልጠው ማን ነው?

ዲሽ በየጣሪያው የተተከለበት ጊዜ ነው። ቀበሌ አንድ ለአምስት ተደራጁ እያለ የሚሰበስበንም ያን ጊዜ ነው። የእኛ ቡድን ስብሰባ በልማት ተጀምሮ በቅርጫት ኳስ ያልቅ ነበር። ቃለ ጉባኤው ላይ "በሰፊው ተወያይተንበታል" ተብሎ ይጻፋል። ውሸት አልነበረም፤ በሰፊው ተወያይተናል።

ሰፈሩ ለሁለት ተከፍሏል፤ የመላጣውና የጢማሙ። ተጫዋቾቹ የራሳቸው ስም አላቸው፤ ግን የፈረንጅ ስም አፋችን ላይ አልቀመጥ ስላለ እኛው አወጣንላቸው። መላጣው የድሮው ነው፤ ዘሎ አየር ላይ የሚቆየው። ጢማሙ የዛሬው ነው፤ ቁመቱ የቁም ሣጥን፣ ወርዱም የቁም ሣጥን። የመላጣው ሰዎች "ለዋንጫ ደርሶ ባዶ እጁን ተመልሶ ያውቃል?" ይላሉ። የጢማሙ ሰዎች "ያቀብላል፣ ይከላከላል፣ ያገባል፤ ያልሠራው ሥራ የለም" ይላሉ። እኔ መሐል ሆኜ እነፋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የሠራሁትን ሳይክል ላስረክብ ጨዋታ ወደሚያሳዩበት ዲሽ ቤት ገባሁ። መጋረጃው ወርዷል፤ ቤቱ እንደ ምሽት ደብዘዝ ብሏል። የድሮ ጨዋታ እየደገሙ ነበር። መላጣው ኳሷን ይዞ ሮጠና ከመሬት ተነሣ። ከዚያ ሥዕሉን አዘገዩት። ሰውዬው ተነሣ እንጂ አልወረደም። እግሮቹ ተዘርግተው፣ ክንዱ ወደ ላይ ሄዶ፣ ዝም ብሎ ተንሳፈፈ። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የሚቆሙትን እነዚያን ረጃጅም አባ ኮዳዎች ታውቋቸው የለ? ቆመው ቆመው አንዱ ድንገት ክንፉን ዘርግቶ ከውኃው በላይ ሲንሳፈፍ ድምፅ የለውም። እንደዚያ ነው። ቤቱን ረሳሁት፣ ሳይክሉን ረሳሁት። ደግሞ ፈራሁለት። ከዚያ ከፍታ ቢወድቅስ? ሳላስበው ጮክ ብዬ፣ "ጌታ ሆይ፣ በሰላም አውርደው" አልኩ።

ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ከጥግ አንዱ "አሜን" አለ። ሳቅ ሆነ። ታሪኩ የሚባል ፍሪጅ የሚጠግን ልጅ፣ አባቱ በሕይወት ሳለ ጓደኛዬ የነበረ፣ የጢማሙ ቡድን ዋና ተከራካሪ፣ ሳቁን ሊያደምቅ ፈልጎ ተነሣ። "ጋሼ፣ አይጨነቁ" አለኝ። "መላጣው ዛሬ ቢጫወት ከተቀያሪ ወንበር አይነሣም፤ ካልተነሣ ደግሞ አይወድቅም።"

ሳቁ እጥፍ ሆነ። ከኋላ አንድ ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። ጋሽ ደሳለኝ ነበሩ። ተነሡ፤ ባርኔጣቸውን አደረጉ፤ ወጡ። ታሪኩ ሲያያቸው ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። ለምን መሰላችሁ? ጋሽ ደሳለኝ ጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ ናቸው፤ የዚህን ከተማ ግማሽ ሕዝብ በፊሽካ ያስሮጡ ሰው። እሱ አይደለም ያስደነገጠው። የምሕረት አባት ናቸው። ታሪኩ ደግሞ ምሕረትን ሊያገባ ሽማግሌ ሊልክ ቀን ቆርጦ ነበር።

አሁን ስለ ጋሽ ደሳለኝና ስለ መላጣው ትንሽ ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ ሰውዬው ጅል ይመስሏችኋል። ሚስታቸው የሞቱት ምሕረት ገና አምስት ዓመቷ ሳለ ነው። ያን ጊዜ ቤታቸው ውስጥ አንድ ቪዲዮ ካሴት ነበረች፤ የመላጣው ጨዋታ። ልጅቷ እናቴስ እያለች ስታለቅስ ምን እንደሚሉ ሲጠፋቸው ካሴቷን ይከፍታሉ። ልጅቷ ሰውዬው አየር ላይ ሲቆይ ታያለች፤ ዝም ትላለች። ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ አባትና ልጅ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ያንኑ ካሴት ያያሉ። ካሴቷ አርጅታ በመጨረሻ ሥዕሏ በረዶ የሚወርድባት መስላ ነበር፤ እነሱ ግን በበረዶው ውስጥ ያዩታል። እና ለእሳቸው መላጣው ተጫዋች አይደለም። በችግራቸው ጊዜ ቤት የገባ ዘመድ ነው።

ታሪኩ ሰኞ ጠዋት ዛፌ ሥር መጥቶ ቆመ። ሽማግሌ ሁኑልኝ አለኝ። እምቢ ልል አልቻልኩም፤ ነገሩን በጸሎቴ የጀመርኩት እኔው ነኝ። ሌሎቹ ሁለቱ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱት ሐጂ ሰማንና አሞራ ገደል ዓሣ የሚያስረክቡት አቶ ዳንጊሶ ሆኑ።

ሽማግሌነት ወጉን ታውቁታላችሁ። ልጅ ልትጠይቅ ሄደህ "ተቀመጡ" ብትባልም አትቀመጥም። ጉዳያችን ይሰማልን ብለህ ትቆማለህ። የልጅቷ አባት እሺ ካሉ ትቀመጣለህ፤ እምቢ ካሉ እንደቆምክ ትመለሳለህ። ሄድን፣ ቆምን፣ ለማን እንደመጣን ተናገርን። ጋሽ ደሳለኝ እጅግ በትሕትና፣ "ልጁ በሕዝብ ፊት የተናገረውን በሕዝብ ፊት ይመልስ፤ ከዚያ እንነጋገራለን" አሉን። እንደቆምን ተመለስን።

ታሪኩን ጠርቼ መከርኩት። ምን አለበት፣ መላጣው ይበልጣል በልና ልጅቷን ውሰድ አልኩት። የሳይክል ካቴና የነካ እጄን በጨርቅ እየጠረግሁ ነው የምመክረው። ልጁ መሬት መሬት አየና፣ "ጋሼ፣ ውሸት ኃጢአት ነው ብለው በልጅነቴ ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ?" አለ። ስድቡን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ይበልጣል ግን አልልም አለ። ሦስት ቀን ጾምኩ። ጌታ ሆይ፣ እነዚህን ሁለት ሰዎች አንድ ልብ አድርጋቸው ብዬ ለመንኩ።

ለሁለተኛ ጊዜ የሄድነው እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። ታሪኩ በወጉ እዚያ አካባቢ መታየት የለበትም፤ ግን ማስቻል አቅቶት ከአጥሩ ውጭ ሳይክሉን ይዞ ቆሟል። ጋሽ ደሳለኝ በር ላይ ተቀብለው ሳሎን አስገቡን። ዛሬ ቁርጡን እንድታውቁ ነው አሉ። የልጁን ይቅርታ ሰምተዋል፤ ግን ሰውን ከልብ ሳያከብሩ ይቅርታ ምን ያደርጋል? ዛሬ ካልተግባባን ምሕረት አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ትሄዳለች፤ ሦስተኛ መምጣት የለም።

ከውስጠኛው ክፍል መጋረጃው ነቅነቅ ሲል አየሁ።

ሐጂ ሰማን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲያስታርቁ የኖሩ ናቸው፤ እንደለመዱት ጀመሩ። ሁለቱም ጥሩ ጨርቅ ናቸው አሉ፤ አንዱ ለኮት፣ አንዱ ለሱሪ። ከቻልን ሁለቱን ተጫዋቾች ጠርተን እናስማማቸው፤ ታላቅየው ታናሹን ይመርቅ፣ ታናሹም የታላቁን ጉልበት ይሳም አሉ። ጋሽ ደሳለኝ ተጫዋቾቹ አልተጣሉም አሏቸው። "ታዲያ እኛ ስለምን ቆመናል?" አሉ ሐጂ፤ ጉልበታቸውን እያሹ።

አቶ ዳንጊሶ ደግሞ ነገሩን ከመረቡ በኩል አዩት። ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ የተሰቀለውን መረብ አይቻለሁ አሉ። ታቹ ክፍት ነው። በገባ ቁጥር የሚያፈስ መረብ ላይ ማን በለጠ ማን አነሰ ብሎ መጣላት ለእኔ አይገባኝም አሉ። ጋሽ ደሳለኝ ይህንን በትዕግሥት ሰሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ጴጥሮስ፣ አንተ አትዋሽም። በእግዚአብሔር ፊት ንገረኝ፤ ማን ይበልጣል?"

ግድግዳው ላይ የመላጣው ሥዕል አለ፤ ከጋዜጣ የተቆረጠ፣ ጠርዙ ቢጫ የሆነ። አየር ላይ ነው። ሳየው ያ ሐሳቤ መጥቶ ወሰደኝ። ሽማግሌነቴን ረሳሁ። ያ ሰውዬ ስንት ዓመት ሙሉ እዚህ ግድግዳ ላይ ሳይወርድ ቆየ እያልኩ ነው። በመጨረሻ ያለኝን እውነት ተናገርኩ። "እኔ በሰላም ይውረድ ብዬ የጸለይኩት ለመላጣው ብቻ ነው። ለጢማሙ ጸልዬ አላውቅም" አልኩ።

የጋሽ ደሳለኝ ፊት በራ። ሐጂ ሊቀመጡ ጎንበስ አሉ። ያኔ ዝም ብል ምን ነበረበት? ኅሊና የሚሉት ነገር ግን አለ። "ይሁን እንጂ" አልኩ፣ "ጢማሙ ሲዘል አይቼ አላውቅም፤ ያላየሁትን እንዴት ላወዳድር?"

ሐጂ ቀና አሉ። እንዴት እንዳዩኝ አልነግራችሁም። ጋሽ ደሳለኝ በረጅሙ ተነፈሱ፤ እንግዲህ አሉ፤ እጃቸውን ወደ በሩ ዘረጉ።

መጋረጃው ተገለጠ። ምሕረት ወጣች። እንዲህ ባለ ጉዳይ ልጅቷ አትወጣም፤ ወጣች ግን። ቁመቷ የአባቷ ነው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አባዬ፣ ሁለቱም አይበልጡም። የሚበልጠው መነጽራሙ ነው" አለች።

ጋሽ ደሳለኝ የዘረጉት እጅ እዚያው ቀረ። መነጽራሙ ማለት ከመላጣውም በፊት የነበረ፣ እንደ ስልክ እንጨት የረዘመ፣ መነጽር አድርጎ የሚጫወት ሰውዬ ነው አሉ። መነጽራሙ? አሏት አባቷ። እዚህ ቤት ያደግሽ ልጅ? እሷ ቀጠለች። መላጣው ደክሞኛል ብሎ አቁሞ ያውቃል፤ ጢማሙ ቡድን ይቀያይራል፤ መነጽራሙ ግን እስኪያረጅ ድረስ በየቀኑ ተነሥቶ ሥራውን ሠራ አለች። ጋሽ ደሳለኝ እኛን ረሱን። መዝለል የማይችል ሰው! እያሉ መሬቱን በእግራቸው መምታት ጀመሩ።

ይህን ጊዜ በሩ ተንኳኳ እንዳልላችሁ አልተንኳኳም፤ ተበረገደ። ታሪኩ ነው። አጥር ሥር ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። ሲገባ ለማንም ሰላም አላለም። ምሕረት፣ ምን ነካሽ አላት፤ መነጽራሙ እኮ ቅርጫቱ ሥር ቆሞ እንደ ዕቃ የሚያስቀምጥ ሰው ነው፤ መላጣው እንኳ ከእሱ መቶ ጊዜ ይሻላል አላት።

ጋሽ ደሳለኝ ዞሩ። "ንገራት እስቲ" አሉት። ክንዱን ያዙ፤ ወደ ሶፋው ሳቡት። "ተቀመጥ እዚህ፤ ተቀመጥና አስረዳት፤ እኔን አልሰማ ብላለች።" ታሪኩ ተቀመጠ። እሳቸውም አጠገቡ ተቀመጡ። እሱ አንድ ይላል፣ እሳቸው ሁለት ይጨምራሉ። አንዴ የጀመረውን ቃል እሳቸው ጨረሱለት። ምሕረት እጆቿን አጣምራ ትሰማለች። እኛ ሦስታችን እንደ አባ ኮዳ ቆመናል።

ሐጂ ሰማን ቀስ ብለው ወንበር ሳቡና ቁጭ አሉ። "ሙሽራው ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ ከተቀመጠ" አሉ ሐጂ፣ "እኛ የምንጠብቀው ምንድን ነው?"

ጋሽ ደሳለኝ የያዙትን ክንድ አዩት። ልጁን አዩት። ምሕረትን ደግሞ ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ እጃቸውን ሳያነሡ ለእኔና ለአቶ ዳንጊሶ "ተቀመጡ" አሉን።

ሰርጉ ዕለት መርቄ ስጨርስ ምሕረት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። "ጋሼ፣ ለእርስዎ መዋሸት አልፈልግም" አለችኝ። "መነጽራሙን ሲጫወት አንድ ቀንም አይቼው አላውቅም። አባዬ ታሪኩን እምቢ ማለት ይችላል፤ እኔን ግን ልጄ አይደለሽም ማለት አይችልም። ጠቡን ወደ እኔ አዞርኩት።"

ውሸት ኃጢአት ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ድንኳኑ ጥግ አባቷና ባሏ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ያወራሉ፤ መነጽራሙን እያሙት እንደሆነ ከእጃቸው ያስታውቃል። ደስ ብሏቸዋል። አፌን ዘጋሁ።

ይኸው እስከ ዛሬ እሁድ እሁድ ተገናኝተው ያንን ሰውዬ ሲቦጭቁት ይውላሉ። እሱ የት አገር እንደሚኖር አላውቅም። ምን ሠራሁ ብሎ ይጠይቅ ይሆናል፣ ጆሮው ሲያሳክከው። እኔም ኅሊናዬ አላስተኛኝ ቢል በጠዋቱ ጸሎቴ ላይ አንዲት ቃል ጨምሬለታለሁ። ጌታ ሆይ፣ መነጽራሙን ካለበት ባርከው፤ ሐዋሳ ላይ ሰላም እንዲሆን በነጻ ይሰደባል።